ስምሽ በአራተኛ ማርሽ

ቱሉዋ፣ ሐሙስ ከሰዓት

ለምናፍቅሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለው? የማድሪድ ብርድ ዘንድሮም ደረጃ ላይ አስቀምጦ ያስለቅስሻል ወይስ ያን ወፍራም ካልሲ ማድረግ ጀመርሽ? የምትጦሪያቸው ሴትዮስ አሁንም ሾርባው ጨው በዛበት እያሉ ይነዘንዙሻል? እኛ ደህና ነን። ሙቀቱም ያው ነው፣ አቧራውም ያው ነው። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል፣ ድመትሽ ከመወፈሯ የተነሳ አጥሩን መዝለል አቅቷታል። አባዬም ደህና ነው። አሁን ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ካርቡራተር ይጠርጋል፤ ዓይኑ ግን ብዕሬ ላይ ነው። ደብዳቤው ከመታሸጉ በፊት ካላነበብኩት አይሄድም ብሏል። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ቃል ስመርጥ ብታዪኝ አትፍረጂብኝ። (አባዬ፣ እዚህ ጋ ስትደርስ አትኮሳተር።)

በወረቀት የምጽፍልሽ ስልክ ስለማታነሺልኝ ነው። ኑቢያ፣ ያቺ አፏ ክዳን ያልተሠራለት ጎረቤታችን፣ «ባልሽ ስምሽን አስይዞ ተወራረደ» ብላ እንደነገረችሽ አውቃለሁ። ራሷ ነች ኤምፓናዳዋን እየጠበሰች እንደ ትልቅ ሥራ ያወራችልኝ። አዎ፣ ተወራርዷል። አልዋሽሽም። ግን ከመቆጣትሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። እናቴ፣ እሁድ ዕለት የሆነውን ብታዪ እኮ ወንበር ላይ ወጥተሽ ነበር የምትጮኺው! ደብዳቤውን የምታመጣልሽ የራሷ የኑቢያ ልጅ ነች፣ ቅዳሜ ትበራለች። በቅጠል የተጠቀለለው የዘይቱን ጣፋጭም ካንቺው ሠፈር የተገዛ ነውና ለሴትዮዋ እንዳታካፍያቸው።

ነገሩን ያነሳው ጋሽ ኤሪቤርቶ ነው። ያ የባቡር ሐዲዱ ማዶ ጋራዥ ያለው፣ ሽቶ ተቀብቶ ሞተር የሚፈታው ሰውዬ። ከአባዬ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲነቋቆሩ እንደኖሩ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ግን ዘንድሮ አንድ ነገር ተለውጦ ነበር። ጋሽ ኤሪቤርቶ በመንገድ ሲያልፍ ሞተሩን አቀዝቅዞ የለመደውን ነቆራ ሲወረውር አባዬ ዝም ይለዋል። ቀና እንኳ አይልም፤ ድንገት ዓይን ለዓይን ከተጋጩ ፈገግ ብሎ እጁን ያነሳለታል። ሠፈሩ ሁሉ «አልቤይሮ አርጅቶ ጨዋ ሆነ» ይል ጀመር። እኔም ጨዋነት መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ኤሪቤርቶ በአፉ እንዳልሆነለት ሲያይ ጽፎ ላከ። የሞተር እሽቅድምድም ወዳጆች ሁሉ የምንገናኝበት የስልክ መልእክት ማኅበር ላይ ነው የጻፈው፣ ዓለም በሙሉ እያየ። «ሴትዮዋ ከሄደች ወዲህ እዚያ ጋራዥ ጉልበት ያለው ሞተር ወጥቶ አያውቅም። የቀረው ታፔላው ብቻ ነው፤ እሱንም አውርደው ቢገላገሉ ደግ ነበር» ይላል። አባዬ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ደግሞ አነበበው። ከዚያ በዚያች ቅባት በጠጣች አውራ ጣቱ ፊደል እየለቀመ መለሰ፦ «ማግኖሊያ ማሽን ላይ እንገናኝ። ከተሸነፍኩ ታፔላዬን በገዛ እጄ አወርዳለሁ። ከተሸነፍክ መሰላል ላይ ወጥተህ በገዛ እጅህ ቀለም ትቀባዋለህ።»

ይኸው ነው ውርርዱ፤ ስምሽ የተጻፈበት የጋራዣችን ታፔላ። ተናድጄበት ነበር፣ አልደብቅሽም። «አንተ ምን ቤት ነህና ነው የእናቴን ስም የምታስይዘው?» ብዬ ጮህኩበት። እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቶኝ ቀይዋን ሞተር መፍታት ጀምሮ ነበር። ያቺን፣ ከኋላው ተቀምጠሽ ወደ ቡጋ ለመሳለም የሄዳችሁባትን። አስቢው፣ ለውድድሩ የመረጠው እሷን ነው! ጋራዡ ውስጥ ከእሷ የሚሻሉ ሁለት አዳዲስ ሞተሮች ቆመዋል።

ማግኖሊያን አታውቂያትም። ካሊ ከተማ ሄዳ ተምራ የመጣች ኢንጂነር ናት፣ የጉልበት መለኪያ ማሽን ወደ ከተማችን ያመጣች የመጀመሪያዋ ሰው። ማሽኑ ወለሉ ውስጥ የተቀበረ ከባድ ብረት ከበሮ ነው። ሞተሯን ከላይ አስረሽ የኋላ ጎማዋ ከበሮውን እንዲያሽከረክር ታደርጊያለሽ፤ ኮምፒውተሩ ከበሮው ምን ያህል ቶሎ እንደፈጠነ አይቶ የፈረስ ጉልበቷን ያወጣዋል። ማጭበርበር የለም፣ ቁልቁለት የለም፣ ንፋስ የለም። ሕጉን ራሷ ማግኖሊያ አወጣች፦ ለእያንዳንዱ ሦስት ሙከራ፣ ከሦስቱ የተሻለው ይያዛል፣ የሚነዳው ተወራራጁ ወይም የቤቱ ሰው ነው፣ ማርሹን ደግሞ እያንዳንዱ ራሱ ይመርጣል።

እና እናቴ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከተማው የተጨቃጨቀው በማርሹ ነው! ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ሳይቀር። ግማሹ «በሦስተኛ ነው፣ ሦስተኛ ላይ ነው የምትጮኸው» ይላል፤ የዚህ የኛ ሸለቆ ልጅ ሁሉ የመንገድ ውድድር የሚያሸንፈው በሦስተኛ ስለሆነ። ግማሹ «ኧረ አምስተኛ፣ መጨረሻ ላይ ያላት ጉልበት ነው ጉልበት» ይላል። አባዬ ብቻ ከመጀመሪያው ቀን «አራተኛ» ብሎ ቀረ። ማግኖሊያም ስንጠይቃት እሱን ደገፈች። «ብስክሌት ነው በሉት» አለችን፤ «በቀላሉ ማርሽ ዳገት ብትወጡ እግራችሁ ይሽከረከራል እንጂ ጉልበታችሁ መሬት አይደርስም። ሦስተኛም እንደዚያ ነው፣ ሞተሯ የራሷን ብረት ለማፍጠን ስትጣደፍ ጉልበቷን ትበላዋለች፣ ጎማውም ይንሸራተታል። በከባዱ ብትሄዱ ደግሞ ጉልበታችሁ ይቃጠላል። አምስተኛ ላይ ከበሮው እስኪፈጥን ብዙ ትለፋለች፣ ትግላለች፣ ጎማውም ይሞቃል። የነዚህ ሞተሮች አራተኛ ግን ከሞተሩ የሚገባውና ከካምቢዮው የሚወጣው ዙር እኩል ለእኩል የሚቀራረብበት ነው። የሚባክነው ትንሽ ነው።» አባዬ አፏ አፏን እያየ በየመሐሉ ራሱን ነቀነቀ።

እንግዲህ አራተኛ። ቀላል ነገር ነው ትያለሽ። ግን አገርሽን ታውቂያለሽ፦ እዚህ ማርሽ የሚቆጥር ሰው የለም። «ትቆጥራለህ እንዴ? መንጃ ፈቃድ ትናንት ነው የሰጡህ?» ተብሎ ይሳቅበታል። ማርሽ የሚቀየረው ሞተሯ ስትጠራሽ ነው፣ በድምጿ። አባዬ ደግሞ የዚህ ነገር ንጉሥ ነበር። ምሳ እየበላን በመንገድ ሞተር ሲያልፍ ማንኪያውን አቁሞ «ሦስተኛ ላይ ነው፣ ካቴናው ላልቷል፣ የፒስተን ቀለበቱም አልቋል» ሲል፣ ወጥተን ስናይ ልክ ሲሆን፣ አንቺም «ዝም ብለህ ሾርባህን ብላ» ስትዪው ትዝ ይልሻል?

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የከተማው ሰው ማግኖሊያ ግቢ ተሰበሰበ። ኑቢያ ኤምፓናዳዋን ይዛ መጣች፣ ቾላዶ የሚሸጠው ሰውዬ በረዶውን እየፋቀ በር ላይ ቆመ። ጋሽ ኤሪቤርቶ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ መሰላል ተሸክሞ መጣ! «ለጋሽ አልቤይሮ ነው፣ ታፔላውን ሲያወርድ እንዳይወድቅብኝ» አለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ በልቤ ሰደብኩት፤ ስድቡን አልጽፍልሽም፣ ካንቺ የተማርኩት ነው።

ማግኖሊያ ለምንገባው ሁሉ የጆሮ መከላከያ አደለች። አባዬ ጋ ስትደርስ በእጁ መለሰላት። «ለእኔ አያስፈልገኝም» አለ። ወንዶቹ አጨበጨቡለት፣ ድፍረት መስሏቸው።

ጋሽ ኤሪቤርቶ ቀድሞ ገባ። የወንድሙ ልጅ ነዳለት። ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ ሦስቱንም በአራተኛ (አባዬን ሰምቶ ነው፣ አያምንም እንጂ)፣ የተሻለው ሃያ ነጥብ አንድ የፈረስ ጉልበት ሆነ። ለእንዲህ ዓይነት ትንሽ ሞተር ይህ ቀልድ አይደለም። ጋሽ ኤሪቤርቶ መሰላሉን ከፍቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

የኛ ተራ ሆነ። አባዬ ቀይዋ ላይ ወጣ። ፊቱ ላይ ያለው ደስታ! ቀበቶዎቹን አጠበቅን፣ ትልቁን ማራገቢያ ፊት ለፊት አበራን። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ከዚያ ቀየር ቀየር አድርጎ ጋዙን እስከ ጥግ ከፈተው። ማርሚታው ጣሪያውን አንቀጠቀጠው፣ ሰማያዊው ጭስ ሞላ፣ ቤቱ የተቃጠለ ዘይት ሸተተ። አለቀ። አሥራ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት። ማግኖሊያ ኮምፒውተሩን አይታ ወደ አባዬ ሄደች፤ ቀስ ብላ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሦስተኛ ነበር» አለችው። «አራተኛ ነው» አላት። «የሞተሩን ዙርና የከበሮውን ፍጥነት ሳስተያየው ሦስተኛ ነው የሚለኝ ጋሼ።» «አራተኛ ነው አልኩሽ!» ጋሽ ኤሪቤርቶ ከበሩ ላይ «እስከ አራት መቁጠርም ቀረ እንዴ? ኧረ ቁጠሩለት!» ሲል ግቢው በሙሉ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። እንዴት ሊሳሳት ይችላል እያልኩ ነበር። አባዬ? ማርሽ?

ሁለተኛው ሙከራ የባሰ ሆነ። አሁን እየቆጠረ ነበር፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ግን የቀይዋን ማርሽ መቀየሪያ ታውቂው የለ፣ ያረጀ ነው፣ አንዳንዴ ጠቅ ሳይል ይገባል፣ አንዳንዴ ጠቅ ብሎ አይገባም። መግባቱን የምታውቂው ሞተሯ ድምጿን ስትለውጥ ነው። አልገባም ብሎ ደገመው መሰለኝ፣ አምስተኛ ላይ ሆኖ ጋዙን ከፈተው። ከበሮው ቀስ እያለ መፍጠን ጀመረ። ሙከራው ረዘመ፣ ረዘመ፣ ረዘመ፣ ሞተሯ ጋለች፤ ያ ክብ የነበረው ድምጿ ደርቆ እየጠበበ ሲሄድ ጆሮዬ ላይ ባለው መከላከያ ውስጥ አልፎ ሰማሁት። ያን ድምፅ እሱ ነው ያስተማረኝ። ፒስተን ግሎ ከመጣበቁ በፊት የሚመጣ ድምፅ ነው። «ዝጋው! አባዬ ዝጋው!» ብዬ ጮህኩ። አንድ እርምጃ ራቅ ብዬ ከጎኑ ነበርኩ። አልዘጋም። ጮህኩ። ዞር እንኳ አላለም። ዘልዬ በእጄ ማጥፊያውን መታሁት።

ሞተሯ ጠፋች። አባዬ ቀና ብሎ አየኝ። ደንግጦ ነበር፣ እንደተቆጣ ሰው ሳይሆን እንደተያዘ ሰው። እናቴ፣ ያን ጊዜ የገባኝን ነገር እዚህ አልጽፈውም። ከእሱ ጋር ያን ያህል ዘመን የኖርሽ ሴት ነሽ፣ ለአንቺ መጻፍም አያስፈልግም።

ዘንድሮ ሁሉ ሲሆን የነበረው አንድ በአንድ መጣብኝ። ሞተር ሲያስነሳ «እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ምን ትላለች? እንድትለምጂ ነው» የሚለኝ። ሲያስተምረኝ ነው ብዬ ኮርቼ ነበር። ደግሞ ያ ረጅም ካቻቢቴው፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ አድርጎ እጀታውን ጆሮው ላይ ይደግፈው የነበረው? አሁን እጀታውን በጥርሱ ይነክሰዋል። ጥርሱን አሞት ነው ብዬ ቅርንፉድ ገዝቼለት ነበር። (አባዬ፣ ስለ ቅርንፉዱ ይቅርታ። ግን ለምን አኘክኸው?) ደግሞም አንቺ እሁድ እሁድ ስትደውዪ ስልኩን ለእኔ እያቀበለ ወደ ጓሮ የሚወጣው። እኔም እንደ አንቺው ኩርፊያ ነበር የመሰለኝ። «ዝምታ ከፈለገ ዝምታውን ይጠግበዋል፣ ሁለተኛ አልደውልለትም» ያልሽ ዕለት ፈርጄልሽ ነበር።

ወደ እሁድ ልመለስ። ሁለተኛው ሙከራ ሳያልቅ ስለቆመ ቁጥር አልወጣለትም። አንድ ብቻ ቀረን። ሞተሯ እስክትበርድ ማግኖሊያ ዕረፍት ሰጠችን። አባዬ ጓሮ ሄዶ ባዶ የጠርሙስ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ቾላዶ ገዛሁለት፣ በረዶው በእጁ ላይ ቀለጠ። «አንቺ ንጂያት» አለኝ፤ «እጄ ዛሬ ልክ አይደለም።» እጁ! በዚያ እጅ እኮ ጠዋት የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ቁሻሻ ከካርቡራተር አውጥቷል። ልነዳት እችል ነበር፣ ማግኖሊያም አትከለክለኝም። ግን ያን ታፔላ የሰቀለው እሱ ነው። ጎረቤት ሁሉ «ሚስትህ ጥላህ ሄዳ ስሟን ምን ያደርግልሃል?» እያለው በየፋሲካው ያጥበው የነበረም እሱ ነው። ዞሬ ከፊቱ ተንበረከክሁና «አንተ ነህ የምትነዳት» አልኩት፤ «እኔ ማራገቢያው አጠገብ እቆማለሁ። ሌላ ሰው አትይ። እኔን ብቻ እይ።» የቾላዶውን ብርጭቆ መሬት አስቀመጠ። «ገባሽ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ አስማለኝ። በተለይ ለአንድ ሰው እንዳልናገር ነው ያስማለኝ። ምያለሁና መሐላዬን አላፈርስም፤ አልተናገርኩም፣ አልናገርም።

ተመልሰን ገባን። ጋሽ ኤሪቤርቶ መሰላሉ ላይ አንድ እግሩን አውጥቶ ኤምፓናዳ ይበላል። እኔ ማራገቢያው አጠገብ፣ የቀይዋ ፊት ለፊት ቆምኩ። «የፊት ጎማውን ማሠሪያ ልይ ብዬ ነው» አልኳቸው። አባዬ አስነሳት። አሁን ስሚኝ እናቴ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ሞተር ሲጮህ ማንም ማንንም አይሰማም። ማግኖሊያም፣ ጋሽ ኤሪቤርቶም፣ የከተማው ሰው በሙሉ እርስ በርሱ የሚነጋገረው በእጁ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ አባዬ ከማንም አያንስም ነበር።

አንድ ጣቴን አሳየሁት። አንደኛ። ሞተሯ ስትጠራ ሰማኋት፣ ሁለተኛ ጣቴን ጨመርኩ፣ እግሩ ተነሳ። ሁለተኛ። ሦስት ጣት። አልገባም! መቀየሪያው ጠቅ ብሏል ግን ድምጿ ያው ነው። ራሴን ወዘወዝኩ፣ ሦስቱን ጣቴን ደግሜ ገፋሁለት፣ ደገመው፣ ገባ። አራት ጣት። ድምጿ ወረደ፣ ወፈረ፣ ያ ክብ ድምጿ መጣ። አራተኛ! አውራ ጣቴን አነሳሁለት። ዓይኑን ከፊቴ ላይ ሳይነቅል ጋዙን ከፈተው።

ኧረ እናቴ! እንዴት አድርጌ ልንገርሽ! አልተጣደፈችም፣ አልተንሸራተተች፣ አልታነቀችም። ከታች ጀምራ ያለማቋረጥ ገፋች። ከእግሬ ሥር ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል፣ የኑቢያ ትሪ ላይ ያለው ኤምፓናዳ ሳይቀር ይዘላል። አባዬ ደረቱን ታንከሯ ላይ አስተኝቶ በጉልበቶቹ ጨብጧታል። ዙሩ ጫፍ ደረሰ፣ እጄን ዝቅ አደረግሁ፣ ፍሪሲዮኑን ይዞ ጋዙን ዘጋ። ከበሮው ብቻ እየተንጎራጎረ ቀረ።

ማግኖሊያ ቁጥሩን በድምፅ ማጉያ ነው የተናገረችው። ግቢው ፈነዳ! ሰው ባርኔጣውን ወረወረ፣ ኑቢያ የማታውቀውን ሰው ሳመች። አባዬ ግን አልዘለለም፣ አልጮኸም። ገና እኔን ነበር የሚያየው፤ ምን እንደሆነ ፊቴ ላይ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ እያለቀስኩ ስለነበር የተሸነፈ መሰለው። ሮጬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፣ ከዚያ ፈቀቅ ብዬ በጣቶቼ አሳየሁት፦ ሃያ፣ ነጥብ፣ ስምንት። ስምሽ አይወርድም! ሽማግሌው አባቴ ከቀይዋ ሳይወርድ እንደ ሕፃን አለቀሰ። (አላለቀስኩም ይላል። ጭሱ ነው ይላል። እንግዲህ አንቺ ፍረጂ።)

ጋሽ ኤሪቤርቶ ቃሉን ጠበቀ፣ ይህን ልመሰክርለት ይገባል። ማክሰኞ ጠዋት ራሱ ያመጣውን መሰላል ተሸክሞ፣ ቀይ ቀለም በባልዲ ይዞ መጣ። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ! እኔ ከታች ሆኜ «የመጀመሪያው ፊደል ወደ ግራ ተንጋዷል ጋሼ፣ እናቴ ቀጥ ያለች ሴት ናት» እያልኩ አሰቃየሁት። «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ካባትሽ ሞተር ይበልጣል» አለኝ። ከዚያ መሰላሉ ላይ ሆኖ አባዬን ጠራው። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶ ጎማ ይነቅል ነበር። ጠራው። ደግሞ ጠራው። ጋሽ ኤሪቤርቶ የኔን ፊት አየ። ብሩሹን ባልዲው ላይ አስቀመጠ፣ ወርዶ ዞሮ ከአባዬ ፊት ለፊት ቆመ፣ ቀስ ብሎ «አልቤይሮ፣ ውሃ አለህ?» አለው። ሁለቱ ተቀምጠው ውሃ ጠጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሽ ኤሪቤርቶ አባዬን ከጀርባው አያናግረውም፣ ለማንም ምንም አላወራም። ነቆራውን ግን አልተወም፤ አሁን በስልክ እየጻፈ ነው የሚልከው፣ አባዬም መነጽሩን አድርጎ እየሳቀ ይመልስለታል።

ስምሽ ከአሮጌው መንገድ ጀምሮ ይታያል። ትንሽ ተንጋድዷል፣ ቀለሙም ከመጨረሻው ፊደል ሥር ወርዷል፤ ላጸዳው ስል አባዬ ከለከለኝ።

እንግዲህ እናቴ፣ አንድ ልመና አለኝ። አንቺ በጣት መጻፍ ያስጠላሻል፣ ድምፅሽን እየቀዳሽ ትልኪለታለሽ፤ አንዱንም አልመለሰልኝም ብለሽ ተቀይመሽዋል። ባለፈው ስልኩን ቻርጅ ሳደርግ አየሁት። አንዱንም አላጠፋም። ከአምና ጀምሮ ያለው ሁሉ እንዳለ ተቀምጧል፣ እንዳልተከፈተ። ከዚህ በኋላ አትደውዪለት። ድምፅም አትላኪለት። ጻፊለት። የፈለግሽውን ያህል ተቆጪው፣ ስደቢው፣ ስለ ሾርባውና ስለ ሴትዮዋ ንገሪው፤ ብቻ ጻፊው። ፊደሉን ማተለቅ አያስፈልግሽም። ዓይኑ ጤነኛ ነው።

ጉልበትሽን ይጠግንልሽ፣ ከብርዱ ይሰውርሽ፣ ደረጃውን ሳትቀመጪ የምትወጪበት ቀን ያምጣልሽ። የቡጋው ጌታ ካለሽበት ሆኖ ይጠብቅሽ፣ በሰላም ዓይን ለዓይን ያገናኘን። ድመትሽም ትስምሻለች፣ መነሳት ከቻለች።

ምላሷ ካባቷ ሞተር የሚበልጠው
ልጅሽ

ማስታወሻ፦ አነበበው። ሁለት ጊዜ። ቅርንፉዱ ጋ ሳቀ፣ ስለ ለቅሶው «ጭስ ነው» ብሎ በጠርዙ ላይ ሊጽፍ ብዕር አንስቶ ተወው። እኔ እንኳ አንዱን ገጽ ይቀድብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ልመናዬን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ከዚያ ምንም ሳይሰርዝ ወረቀቱን አጠፈውና አድራሻችንን የጻፈበት ባዶ ፖስታ ከኪሱ አውጥቶ ለመልስሽ እንዲሆን እጥፋቱ ውስጥ ከተተልሽ። ቴምብሩ የስፔን ነው። ከየት እንዳገኘው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደያዘው አላውቅም፤ ጠርዙ ግን ቅባት ጠጥቷል።